ከጎሽ አምባ የሚመልሰው

ኅዳር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

መስመሩ ትናንት ከሰዓት በኋላ ተከፈተ።

ይድረስ ለጋሽ ካሳ፤

እርስዎና ቤተሰብዎ እንደምን ሰነበታችሁ? የኮሌጁ ኮምፒውተር ክፍል ሰዎችስ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ስለ እርግዝናዬ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ስድስት ወር ሞልቶኛል። ሐኪሙ ባለፈው ዓመት የደረሰብኝን ስለሚያውቅ ደረጃ አታብዢ ይላል። ማሽኑ ያለው ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ፕሮጀክቱ ለኮሌጆች መረብ ክፍል ሲፈልግ ከአጎቴ ከጠሀ ሕንጻ ሌላ የተገኘ አልነበረም፤ ከታች ጆንያ ይሸጣል፣ ከላይ እኛ ነን።

በአጎቴ በኩል የላኩት መልእክት ደርሶኛል። የኢርፋን ሞባይል ገደል ከገባ ገባ ነው። ወንድሜ ድሮም ዕቃ አይበረክትለትም። አንቴናው እስኪጠና ጎሽ አምባ ተራራ ላይ መሰንበት እንዳለበትም ተረድቻለሁ። የኮሌጁ ስልክ እስኪጠገን በመስመሩ አገኘዋለሁ።

ትናንት የአስር ሶላት ከተሰገደ በኋላ የደሴው ኬብል ተያያዘ፤ ከጥቅምቱ ሙከራ ወዲህ ጭል ብሎ የማያውቀው መብራት በራ። የመጀመሪያውን ቃል ምን ልጻፍ ብዬ ብዙ አላሰብኩም። «ኢርፋን?» ብዬ ጻፍኩ። ስክሪኑ ረዘም ላለ ጊዜ ባዶ ሆኖ ቆየ። ከዚያ «አለሁ» የሚል መጣ። ሌላ ምንም። ድሮ ቢሆን ጥሩ አድርጎ ይሰድበኝ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ከሆንኩ ወዲህ ስሜን ትቶ «አለቃ» ነው የሚለኝ። ተራራው ሥርዓት አስይዞታል መሰለኝ።

እናቴ ራዲያ ከእኛ ጋር ናት። እስክወልድ ልትጠብቀኝ ሰሞኑን ጓዟን ይዛ መጣች። ዓይኗን ታማለች፣ አብጦ ቀልቷል። የመርካቶ አቧራ ነው ትላለች። ኢርፋን መለሰልኝ ስላት በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ቆይታ «ውሰጂኝ» አለች። ዛሬ ሦስቱን ፎቅ እያረፈች ወጥታ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። ማንበብ ስለማትችል የሚመጣውን አነብላታለሁ። መልሱ አጭር ሲሆንባት ከራሴ ጨምሬ ነው የማነበው። ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የምነግረው።

በወረቀት የምጽፍልዎም ለዚሁ ነው። በመስመሩ ለእናንተ የሚሄደው ሁሉ በጎሽ አምባ ያልፋል፤ እሱ ሳያይ ስለ እሱ ልጠይቅዎ እፈልጋለሁ። ሾፌሩ ውቤ አይሱዙውን መሳለሚያ ላይ እየጫነ ነው፤ ደብዳቤዬን ያደርስልኛል፤ የእርስዎንም ያምጣልኝ።

አክባሪዎ ጠሂራ


ኅዳር 23 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለጠሂራ፤

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ደርሰውኛል። ሳልመልስ የቆየሁት በሥራ ብዛት ነው፤ ይቅርታ አድርጊልኝ። ጽፌ ሳየው ምክንያቱ ደካማ ነው፤ ግን ሌላ የለኝም።

ለጠየቅሽኝ በተራ ልመልስ። ድምፅ ያልሞከርነው መስመሩ ገና ስላልጠና ነው። ፎቶ ያልላክንልሽ ካሜራ ስለሌለን ነው። ኢርፋን ወደ ከተማ ወርዶ ያልደወለው ጎሽ አምባን ትቶ መውረድ ስለማይችል ነው። ብቻውን አይደለም። ስለ ምግቡ አትጨነቂ፤ ምንም አይጎድልበትም።

ሥራውን ልንገርሽ። እንደምታውቂው የእኛ ቤተ መጻሕፍት ሁለት ግድግዳ አይሞላም። መስመሩ ከተከፈተ ወዲህ መምህራኑ ወረፋ ይዘው ነው የሚገቡት። ሪሐና የምትባል የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ አለችን፤ ኢርፋን እዚህ በነበረበት ጊዜ ማሽኑን ያስተማራት እሷን ነው። ከእናንተ የመጣውን የመጀመሪያ ጥናት፣ ስለ ስንዴ ዋግ የተጻፈውን፣ አትማ በር ላይ ለጠፈችው። ገበሬ ልጆቹን ይዞ እየመጣ ያስነብባል። ይህን ያመጣልን ወንድምሽ ነው። ይህንን አንዱን ነገር ሳላፍር ልጽፍልሽ እችላለሁ።

ለምን አለቃ እንደማይልሽ በመስመሩ ጠይቀሽው አይቻለሁ። ሰው ሲደክመው ቀልድ ይረሳል። ይስተካከላል።

ጋሽ ጠሀን ሰላም በይልኝ። ስለ ኢርፋን አብዝተሽ አታስቢ፤ ስለ ያዝሽው አስቢ።

ካሳ


ታኅሣሥ 4 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ካሳ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለብርቱካኑ አመሰግናለሁ፤ ግማሹን ውቤ በመንገድ እንደበላው ራሱ ነግሮኛል። ያው እውነት የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ሌባው ብቻ ቀርቷል።

አልዋሽዎትም፣ መልስዎ አላሳረፈኝም። መስመሩ አልጠናም ብለዋል። ትናንት ከእናንተ ማሽን አንድ ትልቅ ፋይል አወረድኩ፤ ሻይ ቀድቼ ሳልጨርስ ገባ። በዚህ መስመር ላይ ድምፅ መላክ ማለት ባለ ተሳቢ መኪና ላይ አንድ እፍኝ ጭድ መጨመር ነው። መስመሩ ይችላል። ይህን መለካት ሥራዬ ነው። ታዲያ የማይችለው ማነው?

ደግሞ ሌላ። ለምን አለቃ አትለኝም ብዬ ከጻፍኩ ወዲህ ያለ አለቃ አይጀምርም። አለቃ ደህና አደርሽ። አለቃ ሆድሽ ከሰርቨሩ በለጠ ወይ። ልክ እሱ ነው። ግን ድሮ አንድ ቀን ይላል፣ አንድ ቀን ይረሳል። አሁን አይረሳም።

እናቴ የምትጠይቀውም ግራ ገብቶኛል። በፊት ያው የእናት ጥያቄ ነበር፣ በላህ ወይ፣ ጠጣህ ወይ። አሁን ማሽኑ ፊት ተቀምጣ «ይቀዘቅዛል ወይ በይው» ትላለች። እጽፋለሁ። «ሌሊት ይቀዘቅዛል» ይላል። «ከሥርህ ድንጋይ ነው ወይ በይው።» «አፈር ነው።» «ብቻህን ነህ ወይ?» «ሰዎች አጠገቤ አሉ።» ይህን ስትሰማ ትነሣና ወደ ቤት እንሂድ ትላለች። ለእሷ ብዬ የምጨምረው ነገር ራሱ እየጠፋኝ ነው።

ሰፈሩም ልክ አይደለም። ባለፈው ሰኞ ምን አለሽ ተራ ሄጄ ለማሽኑ መደርደሪያ የብረት እግር አሠራሁ። የሠራልኝ ሳዳም ነው፤ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ከወለደችው እናቱ ጋር ዋጋ የሚከራከር ሰው ነው። ስንት ነው አልኩት። የፈለግሽውን አለኝ። እንዲሰድበኝ ብዬ የማይሆን ዋጋ ጠራሁለት። «እሺ» አለና ብረቱን ራሱ ተሸክሞ ሦስተኛ ፎቅ አወጣልኝ። ስሄድ ስመጣ የማንም ዋጋ እንደዚያ ነው። ጭድ ተራ ጥግ ላይ ያሉት ሴቶች እኔ ሳልፍ ወሬ ያቆማሉ፤ ካለፍኩ በኋላም አይቀጥሉም። መርካቶ ውስጥ ማንም የማይከራከረው ሰው መሆን ምን እንደሚመስል እርስዎ አያውቁትም። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን አለ እላለሁ።

ውቤን ኢርፋንን አየኸው ወይ አልኩት። ተራራው ላይ ነው አሉኝ አለ። አሉኝ። ጎማውን እያየ ነው የመለሰልኝ።

ታሞ ነው? እጁ ተሰብሮ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍለት? ወይስ ሌላ ነው? ለእናቴ የሚነገር ነገር ካለ መጀመሪያ ለእኔ ይምጣ፤ እኔ ቀስ አድርጌ አደርስላታለሁ። ድምፁን አንድ ጊዜ ያሰሙኝ። አንድ ቃል ይበቃኛል። ያ ካልሆነ ከእኔና ከእሱ በቀር ሰው የማያውቀውን እጠይቀዋለሁ።

ጠሂራ


ታኅሣሥ 8 ቀን 1999 ዓ.ም.

ለጠሂራ፤

በችኮላ ነው። የምትጠይቂውን ነገር ለጊዜው ያዢው። የጎሽ አምባን ባትሪ ልንቀይር ነው፤ ለጥቂት ቀናት መስመሩ ሊቆራረጥ ይችላል። ያን ጊዜ መልስ ቢዘገይብሽ ሌላ ነገር እንዳይመስልሽ።

ወንድምሽን መፈተን አይገባሽም ልልሽ ነበር። ሰርዤዋለሁ። ይገባሻል። ብቻ ቆይተሽ ጠይቂ።

ከተማ ወርጄ ለአጎትሽ ደውያለሁ። ስለ ጤንነትሽ ነው ያወራነው።

ካሳ


ታኅሣሥ 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ካሳ፤

አፉ ይበሉኝ። የዛሬው ደብዳቤ ይቅርታ ለመጠየቅ ነው። ባለፈው የጻፍኩልዎን ይቅደዱት።

ባትሪው እስኪቀየር እንዳሉኝ ታግሼ ቆየሁ። ከዚያ ሐሙስ ዕለት ጠየቅሁት። እናቴ አልነበረችም፤ የዘመድ ሰርግ አለ ብላ አገር ቤት፣ ወራቤ ሄዳለች። ብቻዬን መሆኔ ጥሩ ነው አልኩ፤ የሚመጣውን አላውቅም ነበርና።

የጠየቅሁት ይህን ነው። ኢርፋን የአምስት ዓመት ልጅ ሆኖ ጭድ ተራ ጠፍቶ ነበር። ሰፈሩ በሙሉ ያገኘው አጎቴ ጠሀ ነው ይላል፤ አጎቴም እስከ ዛሬ ሲያወራው ይኮራል። እውነቱ ሌላ ነው። «ጭድ ተራ የጠፋህ ቀን ማን አገኘህ?» ብዬ ጻፍኩ።

ጋሽ ካሳ፣ መልሱ ቶሎ አልመጣም። ከወንበሬ ተነሥቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። ስመለስ ተጽፎ ነበር። «አለቃ ማንም አላገኘኝም። ጭዱ ውስጥ እንቅልፍ ወስዶኝ ራሴ ወጣሁ። እማ በጫማዋ መታችኝ። አንቺ ከእኔ በላይ አለቀስሽ።» እውነቱ ይኸው ነው። ከሦስታችን በቀር የሚያውቅ የለም፤ እማ ደግሞ ወራቤ ናት። ትንሽ ቆይቶ ሌላ መጣ። «በእማ አልተቀየምኩም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።»

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ ሁለት እንጀራ በላሁ። ባለቤቴ አብዱልሰላም ምን አገኘሽ ብሎ ሳቀብኝ፤ ስነግረው ግን ሳቁን አቆመ። እሱም እንደ እኔ ሲጨነቅ ኖሯል ማለት ነው።

እናቴ ቅዳሜ ተመለሰች። ደክሟታል። ስለ ሙሽራዋ ስጠይቃት ጥሩ ናት አለች፤ ሌላ የለም። ከሰርግ ቤት ባዶ እጇን መምጣቷ ገርሞኛል። ማሽኑ ፊት አስቀምጬ የሐሙሱን መልስ አነበብኩላት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ። አልተቀየምኩም የሚለው ጋ ስደርስ «ድገሚው» አለችኝ። ደገምኩላት። ተነሥታ ወጣች፤ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

አሁን መልካም ዜና። ቢሮው የመረቡን ምርቃት ጥር 25 ቀን አድርጎታል። የስድስቱ ኮሌጆች ሰዎች በምስል ይገናኛሉ። ካሜራ ለእናንተም ይላካል። ያን ቀን ኢርፋን ከጎሽ አምባ ይውረድና ካሜራው ፊት ይቀመጥልኝ። ለእናቴ ስነግራት ፊት ይታያል ወይ አለች። ይታያል አልኳት። ጀርባስ? አዎ፣ ጀርባም ቢሆን አልኳት። በማግስቱ የኢርፋንን ቡናማ ጃኬት ከሣጥን አውጥታ ለውቤ ስትሰጠው አየሁ። ብርድ ነው ብላ ነው።

በመጠርጠሬ አፍሬያለሁ። ለሪሐና ሰላምታዬ ይድረሳት።

ጠሂራ


ጥር 12 ቀን 1999 ዓ.ም.

ጠሂራ፤

ውቤ ይህን ለማንም ሳይሆን ለአንቺ፣ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ። ተቀምጠሽ አንብቢው።

ስለ ኢርፋን አልጽፍልሽም። መርዶ በወረቀት አይላክም። ሽማግሌ ጎሕ ሲቀድ በር አንኳኩቶ፣ ሰው ይዞ የሚያደርሰው ነገር ነው። በሽቦም አይላክም ብዬ ነው እዚህ የደረስኩት። የምጽፍልሽ ስለ እናትሽ ነው።

እናትሽ ወራቤ አልሄዱም። እዚህ ነበሩ። ውቤ በአይሱዙው አመጣቸው። ከኮሌጁ ጀርባ ወዳለው የሙስሊሞች መቃብር ወሰድናቸው። በማግስቱም ሄዱ። አፈሩን በእጃቸው እየዳበሱ «አፈር ነው ብሎኝ ነበር» አሉኝ። ተብዬ ነበር አላሉም። ብሎኝ ነበር ነው ያሉት።

ሐሙስ ማሽኑን ማየት እፈልጋለሁ ብለው ወደ ክፍላችን ገቡ። የአንቺ ጥያቄ የመጣው ያን ጊዜ ነው። እዚህ ካለነው ጭድ ተራ ስለ ጠፋ ልጅ የሚያውቅ የለም። ሪሐና እጇን ከማሽኑ ላይ አነሣች። እናትሽ ከኋላችን ቆመው ነበር፤ ምን አለች አሉ። አነበብኩላቸው። ወንበር ስበው ተቀመጡና መልሱን አንድ በአንድ ተናገሩ፤ ሪሐና ጻፈች። አለቃ የሚለውን የጨመረችው እሷ ናት። የመጨረሻውን፣ አልተቀየምኩም የሚለውን፣ ማንም አልጠየቃቸውም። እሱን ሁለት ጊዜ አስነበቧት።

አጀማመሩን ልንገርሽ። መስመሩ የተከፈተ ቀን የመጀመሪያ ቃልሽ የእሱ ስም ነበር። ቀብሩ በዚያው ሳምንት ነው። ማማው ላይ ሆኖ ለዚያው መስመር አንቴና ሲያዞር ነው የሆነው። አጎትሽ ባለፈው ዓመት የደረሰብሽን ነግረውኝ፣ እስክትወልጂ እንዳታውቂ በልጆቼ ስም ለምነውኛል። ምን ብዬ ልመልስ ብዬ ሳስብ ሪሐና «አለሁ» ብላ ጻፈች። አልከለከልኳትም። ለአንድ ቀን መስሎኝ ነበር። በማግስቱ እናትሽ መጥተው ተቀመጡ። እሳቸው እያወቁ ለአንቺ ሲሉ ይጠይቃሉ፣ አንቺ ሳታውቂ ለእሳቸው ስትይ ታነቢያለሽ፣ እኛ ለሁለታችሁ እንመልሳለን። መጨረሻው ጠፋኝ።

ሪሐና በጥቅምቱ ሙከራ እሱ የጻፈውን ሁሉ እያነበበች አነጋገሩን ለመደች። አሁን ምን እንደምትጽፍ አልነግራትም። አንዳንድ ቀን ጽፋ ከጨረሰች በኋላ ራሷ ምን እንዳለች እኔን ትጠይቀኛለች። በስሟ ስጠራት ቶሎ አትዞርም። ይብቃሽ ብላት ጠሂራስ አለችኝ።

አሁን ምስሉ መጣ። አጎትሽ በቁመት እሱን የሚመስል ተማሪ ፈልግ፣ ጃኬቱን ለብሶ፣ ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ይቀመጥ፣ ሥራ ላይ ነው ይባላል፣ እጁን አንሥቶ ሰላም ይላል ብለው ጠየቁኝ። እናቱ ይህን ያውቃሉ ወይ አልኳቸው። ጃኬቱን የላከችው ማን ሆነና ነው አሉኝ። ጃኬቱ ቢሮዬ ውስጥ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል። ሁለት ሰዎች ሲገቡ ሰላም ብለውታል። በጽሑፍ የሆነውን ችያለሁ። ይህን ልብስ ግን ለማንም አላለብስም። ለዚህ ነው አንቺ ሳትወልጂ የምጽፍልሽ።

ይቅርታ አድርጊልኝ አልልም። በሰላም ተገላገዪ።

ካሳ


ጥር 20 ቀን 1999 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ካሳ፤

ደህና ነኝ። ልጁም ይንቀሳቀሳል። ሌላውን ከማንበብዎ በፊት ይህን ይወቁልኝ ብዬ ነው።

ደብዳቤዎን መሳለሚያ፣ የውቤ መኪና ጋቢና ውስጥ ሆኜ አነበብኩት። ውቤ ወርዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ስጨርስ ውሃ ላምጣልሽ አለኝ። አምጣልኝ አልኩት። በዚያው ወደ ሐኪም ወሰደኝ። ሐኪሙ ተኚ አለኝ እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አላገኘም። ለባለቤቴም ለአጎቴም አልተናገርኩም። ተኝቼ ሳለ በአእምሮዬ የዞረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በእነዚህ ወራት ለማን እየጻፍኩ እንደነበር።

ለምን ለእናቴ እንዳልነገርኳት በውቤ በኩል ጠይቀውኛል። ሞክሬ ነበር። ሰኞ ልነግራት ብዬ ማሽኑ ፊት አስቀመጥኳት። እኔ ሳልጀምር እሷ ጀመረች። በላህ ወይ በይው አለች። ጻፍኩ። «አለቃ፣ እማን በልቻለሁ በያት። አንቺ ግን ለሁለት ብዪ ቢሉሽ ለአራት ነው የምትበዪው» የሚል መጣ። ጋሽ ካሳ፣ ሪሐና መሆኗን እያወቅኩ ሰደብኩት። ሰደበኝ። ሳቅሁ። እናቴ ምን አለ አለች፤ ነገርኳት፤ እሷም ሳቀች። ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም እየሳቅን ነው፤ ስክሪኑ ላይ ደግሞ የሚቀጥለው ቃል እየመጣ ነው። ያን ጊዜ ፈራሁ። ሁለት ወር በዚህ መቆየት ከተቻለ ሠላሳ ዓመትም ይቻላል። የምወልደው ልጅ አጎቱን በዚህ መስኮት ያውቀዋል።

ስለዚህ ማክሰኞ መስመሩ ተበላሽቷል፣ እስከ ምርቃቱ አይሠራም አልኳት። ውሸቴን ነው፤ ክፍት ነው። እሺ አለች። ዓይኗን ከማሽኑ ላይ አላነሣችም።

ለምርቃቱ ማንንም ጀርባውን አዙረው እንዳያስቀምጡ። ሪሐና ትቀመጥ፤ ፊቷን ወደ እኛ፣ በራሷ ስም። እዚህም እኔና እናቴ እንቀመጣለን። ከዚያ በፊት ግን ማወቄን ልነግራት ይገባል፤ እንዴት እንደሚጀመር ነው ያጣሁት። መርዶ ለማያውቅ ሰው እንዴት እንደሚነገር ሁሉም ያውቃል። ለሚያውቅ ሰው የሚነግር ሽማግሌ ግን ከየት ይመጣል?

ይህን የምጽፍልዎ ከአጎቴ ሕንጻ ፊት ለፊት፣ በፕሮጀክቱ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። የምርቃቱን ካሜራ ልረከብ መጥቼ፣ የንብረት ክፍሉ ሰው የሣጥኑን መክፈቻ ሊፈልግ ሄዷል። በመስኮቱ መንገዱ ይታየኛል። ጆንያ እያወረዱ ነው።

እናቴ እየመጣች ነው። ጥቁር ሻርፗን ለብሳለች። ብቻዋን ናት። ተሸካሚዎቹ ሸክማቸውን እንደያዙ ቆመው መንገድ ይለቁላታል፤ ማንም አይጮህባትም። ቀና ብላ ሦስተኛውን ፎቅ አየች። ገባች።

ቦርሳዬን ፈተሽኩ። የክፍሉ ቁልፍ የለም።

ማሽኑን ማብራት ታውቃለች፤ እጄን ስታይ ነው የከረመችው። አንድ ፊደል ብትነካ ሪሐና ትመልሳለች። የሚመጣውን ማንበብ አትችልም፤ ትጠብቃለች። እባክዎ ዛሬ እንዳትመልስ ይንገሯት ልልዎ ነበር። ይህ ወረቀት ግን ውቤ ተነሥቶ፣ ደሴን አልፎ ነው የሚደርስዎ።

ሰውየው መክፈቻውን ይዞ መጥቷል። ሣጥኑን ከፍቶ ፈርሚና ውሰጂ ይለኛል። ወረቀቱን ለውቤ እንዲሰጥልኝ ነገርኩት። ካሜራው ይቆይ። ወደ እናቴ እወጣለሁ።